የጋናን ባንዲራ ይዤ፣ ለሽምግልና ወደ ሎስ አንጀለስ

ከሎስ አንጀለስ ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈርተኛው ሁሉ ምን አየሽ እያለ ያደርቀኛል። የፊልም ተዋናዮቹን አየሽ ወይ? ባሕሩን አየሽ ወይ? ባሕሩን በመኪና መስኮት አይቼዋለሁ፣ ትልቅ ነው። እኔ የሄድኩት ግን አገር ለማየት ሳይሆን ለወንድሜ ልጅ ሚስት ለመለመን ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ የት እንዳደርኩ፣ ምን እንደበላሁ፣ ማን ደግ እንደሆነልኝ፣ እኔ ራሴም ምን እንዳጠፋሁ ነው። ጥፋቴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

መስፍን የታላቅ ወንድሜ ልጅ ነው። ለትምህርት አሜሪካ ከገባ አራት ዓመት ሆኖት ሳለ በ1965 ዓ.ም. ጥር ላይ ደብዳቤ ጻፈልን። ኤፉዋ የምትባል የጋና ልጅ ወዷል። አባቷ ሚስተር ኦዱሮ ግን፣ ወገን ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም፣ ዘመድህ መጥቶ በሬን ያንኳኳ ብለውታል። ለካ ጋናዎችም እንደኛው ሽማግሌ ሳይላክ ሴት ልጅ አይድሩም። ይህን ስሰማ ገና ሳላያቸው ወደድኳቸው።

ወንድሜ እግሩን ያመዋል። ባያመውም አውሮፕላን አይወጣም፣ እግዜር ለወፍ የሰጠውን አልቀማም ይላል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሴት ሽማግሌ የት ታይቷል ያሉ ነበሩ። እኔ አሥራ አምስት ዓመት የባንዲራ ስፌት ክፍል አለቃ ሆኜ ስንቱን ወንድ ቀጥ አድርጌ የያዝኩ ሰው ነኝና፣ ካላችሁ ወንድ አምጡ አልኳቸው። የመጣ የለም።

ከደብዳቤው ግርጌ መስፍን እንዲህ ብሎ ነበር፦ «እትዬ አስካለ፣ ባዶ እጅዎን እንዳይመጡ። የጋና የነፃነት በዓል የካቲት 27 ነው። ሚስተር ኦዱሮ ያላቸው ባንዲራ መሃሉ ነጭ ነው፣ አሁን ግን ቢጫ ነው የሚፈለገው። እርስዎ ሰፍተው ቢያመጡላቸው ነገሩ ያለቀለት ነው።»

የጋና ምን ያስቸግራል አልኩ። ለአፍሪካ መሪዎች ስብሰባ የጊኒን፣ የማሊንና የሴኔጋልን በእነዚህ እጆቼ ሰፍቻለሁ። እነሱ ቀለማቸው የቆመ ነው፣ ልኬት ይፈልጋል። የጋና ግን የተኛ ነው፣ እንደኛው፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ኮከብ ጣል ማድረግ ብቻ። ከመደርደሪያ የተገጣጠመ ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ አወረድኩ፣ ኮከቡን ከጥቁር ካኪ ቆረጥኩ፣ በፊትም በጀርባም ድርብ ስፌት ሰፋሁት። የስፌት ክፍሉ ልጆች ከበው አደነቁ። እኔም እላችኋለሁ፣ ስፌቱ እንከን አልነበረውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ኋላ ይመጣልና። አንድ ዓመት በበዓል ቀን በአንድ ትምህርት ቤት በር ሳልፍ ዘበኛው የእኛን ባንዲራ ቀዩን ወደ ላይ አድርጎ ሰቅሎት አየሁ። ሰው እየሰማ አዋርጄ አስወረድኩት። ሽማግሌው ዘበኛ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ፈታና ገልብጦ ሰቀለው። በዚያ ቀን ኮርቼ ነው የሄድኩት።

ሐሙስ ጧት ከቦሌ ተነሳሁ። ሽሮውና በርበሬው በሻንጣ ገባ፣ ባንዲራውን ግን በነጠላ ጠቅልዬ በእጄ ያዝኩ። ከጎኔ የተቀመጠው የግሪክ ነጋዴ አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ መርካቶ ነው ያደገው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ እጁን ጨብጬ ኖሯል፣ አቴንስ ሲወርድ ገና አስለቀቀኝ። ሎንዶን አደርን። የእንግዳ ማረፊያዋ ሴትዮ ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ አይታ የጎማ ከረጢት ሙቅ ውሃ ሞልታ አልጋዬ ውስጥ ከተተችልኝ። እኔ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳላውቅ በእግሬ ስነካው አውሬ መስሎኝ ዘልዬ ወረድኩ። በማግስቱ ሴትዮዋ ሁኔታውን በእጄ ሳሳያት እስክትታመም ሳቀች።

ዓርብ ኒውዮርክ ገባን። ጉምሩክ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሻንጣዬን ከፍቶ በርበሬውን አሸተተ። እንዳያሸተው በእጄ ምልክት ሰጥቼው ነበር። እንባው እየወረደ ነጠላዬን ፈታ፣ ባንዲራውን በሁለት እጁ ዘርግቶ አረንጓዴውን ወደ ላይ አድርጎ አየውና ቆንጆ ነው ብሎ አጠፈልኝ። አጣጠፉ ከእኔ ሠራተኞች ይሻላል። እሱም ያየው ነገር የለም፣ እኔም ያየሁት ነገር የለም።

ሎስ አንጀለስ ስደርስ መሽቷል። መስፍን ጸጉሩን እንደ ጎፈሬ አሳድጎ፣ ሱሪው ከታች ሰፍቶ ቆሟል። አገላብጦ ሳመኝና «እትዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!» አለኝ። ሲሄድ እርስዎ ይለኝ የነበረ ልጅ ነው። ደብዳቤ ላይ አንቱ፣ ፊት ለፊት አንቺ? አልኩት። እየሳቀ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ዩ ነው አለኝ። መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረገ ጠፍቶት ሻንጣ እየጎተትን ግማሽ ሰዓት ዞርን። መኪና ማቆም እኮ ሥራው ነው! ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርጋል። የራሱ ሲሆን ጠፋበት።

ቅዳሜ ስነቃ ፌርፋክስ የሚባለውን መንገድ በመስኮት አየሁት። ቤቱ ሁሉ ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፣ ዘንባባው ግን ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል። እግረኛ የለም። በእኛ ሰፈር ጧት በር ስትከፍቺ አሥር ሰው ደህና አደርሽ ይልሻል፤ እዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያየሁት አንድ ሰው ነው፣ እሱም ውሻውን ነው የሚያናግረው። መስፍን ከሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ጋር ነው የሚኖረው። ልጆቹ መኝታ ቤቱን ለእኔ ለቀው ምንጣፍ ላይ ተኙ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ወተትና እንቁላል እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ወጥ ቤቱ ግን ለእኔ ሲባል እንደ መስታወት ተወልውሏል። እናቶቻቸው ቢያዩዋቸው አልኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እሑድ ቅበላ ነበር። ልጆቹ ሥጋ ገዝተው ጥብስ ጠበሱልኝ፣ ምጣዱን ሲያስይዙት ቤቱ በጭስ ተሞላና ከላይ ያለችው ጎረቤት ወርዳ በሩን ደበደበች። ይቅርታ ሲጠይቋት እኔ አንድ ሳህን ሥጋ ሞልቼ ሰጠኋት። ከደቂቃዎች በኋላ ሳህኑን አጥባ፣ ሁለት ብርቱካን አድርጋበት መለሰችልኝ። ሳህን ባዶውን አይመለስም የሚለው ነገር እዚያም አለ ማለት ነው።

ሰኞ ጾም ተያዘ። መስፍን ዳቦ ፍለጋ ወደ ሰሜን በእግር ወሰደኝ። እዚያ የአይሁዶች ሱቅ ይበዛል። ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት የሆነ ሽማግሌ ነው። መስፍን በእንግሊዝኛ ሊያስረዳው ሲሞክር ምላሱ ተሳሰረ፣ ጾም የሚለውን ቃል እሱም ከረሳው ቆይቷል። እኔ ፈንጠር አድርጌው፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም አልኩ በጣቴ እየቆጠርኩ። ሽማግሌው ወዲያው ገባው። እነሱም ለካ ወተት ያልነካው ዳቦ ለይተው ያስቀምጣሉ። አንድ ጥቁር ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ሌላ ትንሽ ደግሞ ጨመረልኝ። የጾም ዳቦ እንዲህ ያለ ጥፍጥና አለው ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተጣላን። ነገ ማን ያስተረጉምልኛል አልኩት። እኔ አለኛ! ልጅ የሚለመንለት ሰው ከሽማግሌ ጋር ገብቶ ቁጭ ሲል የት ታይቷል? ነውር ነው አልኩት። አስተርጓሚ ከየት ላምጣ፣ ጓደኞቼ ነገ ሥራ ናቸው አለኝ። ብዙ ተጨቃጨቅንና በመጨረሻ ተስማማን፦ ወጥ ቤት ይገባል፣ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ከበሩ ጀርባ ሆኖ ያስተረጉማል። ካልታየ አልመጣም ማለት ነው። ደግሞም ሁለት ነገር አስጠነቀቅኩት። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ሳይቀመጥም አይበላም። ይህን አስቀድመህ ለሰዎቹ ንገር አልኩት።

ማክሰኞ የካቲት 27 ጧት የኤፉዋ ወላጆች ወዳሉበት ወደ ቶራንስ ሄድን። መንገዱ ስድስት መኪና ጎን ለጎን የሚያስኬድ ነው፣ ሁሉም ይሮጣል፣ ጥሩንባ የሚነፋ ግን የለም። የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ከሩቅ ይታያል። ሚስተር ኦዱሮ እዚያ ቱቦ ይበይዳሉ፣ ለበዓሉ ፈቃድ ወስደዋል። የጋና ልጆች ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ ባንዲራ የሚሰቅሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ አንኳኳሁ። ሚስተር ኦዱሮ ረጅም ሰው ናቸው፣ ባለ ብዙ ቀለም ጥለት ጋቢ የመሰለ ልብስ በአንድ ትከሻቸው ጥለዋል። ሚስታቸው ከጎናቸው ቆመዋል። ኤፉዋ ከኋላ ሆና አንገቷን ደፋ አድርጋ ጤና ይስጥልኝ አለችኝ፣ በአማርኛ። ጥርት ያለች ልጅ ናት፣ መስፍንን አልፈረድኩበትም። እሱ አስቀድሞ ወጥ ቤት ገብቷል። ሴትዮዋ ዶሮ በለውዝ ሠርተው ጠረጴዛውን ሞልተውታል። ጾም ላይ ነኝ ስል በሩ ጀርባ ያለው ድምፅ ተረጎመ፣ ሴትዮዋም በዘይት የተጠበሰ ሙዝ አመጡልኝ። እሱንም ስቀመጥ አልኩ። ሚስተር ኦዱሮ ወንበር አምጥተው ከኋላዬ አስቀመጡ። መልሱ ሲደርስ እነግርዎታለሁ አሉ።

የመጣሁበትን ተናገርኩ። ቃሉን ሦስት ቀን ሳጠናው ስለነበር አማረልኝ፦ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን፣ ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ ውሰዱ። ሚስተር ኦዱሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ነጠላውን ፈታሁ። ባንዲራውን ዘርግቼ ከደረቴ ላይ ያዝኩና ልክ በሥራ ቤት ለአዲስ ተቀጣሪ እንደማስረዳው ጀመርኩ። አረንጓዴው ልምላሜ ነው አልኩ። ቢጫው ተስፋ ነው። ቀዩ የጀግኖች ደም ነው። ኮከቡ ደግሞ የእናንተ ነው።

ሴትዮዋ ወለሉን አዩ። ኤፉዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሚስተር ኦዱሮ ተነስተው ከመሳቢያ የታጠፈ ጨርቅ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መሃሉ ነጭ ነው፣ አሮጌ ነው። ቀዩ ግን ከላይ ነው።

አፌ እንደለመደው ቀደመኝ። «ያው ነው እኮ» አልኩ። «ገልብጠው ይስቀሉት።»

በሩ ጀርባ ያለው ልጅ ይህን እንዳይተረጉም ስንት ጊዜ ተመኘሁ መሰላችሁ። ተረጎመው። ሚስተር ኦዱሮ መጥተው ባንዲራውን ከእጄ ተቀበሉና ቀዩን ወደ ላይ አዞሩት። ኮከቡ በአናቱ ተዘቅዝቆ ቆመ። ቀስ ብለው ተናገሩ፣ መስፍንም ቃል በቃል አስተላለፈልኝ፦

«ነፃ ስንወጣ ቀለሙን ከእናንተ ወሰድን፣ እናንተ ቀድማችሁ ነፃ ስለነበራችሁ። ቅደም ተከተሉን ግን ራሳችን መረጥን። እርስዎ የእናንተን ባንዲራ ሰፍተው የእኛን ኮከብ ለጠፉበት።»

እውነት ነው። ከመደርደሪያው ያወረድኩት የእኛን ነበር። አረንጓዴ ከላይ እጄ የለመደው ነው፣ ዓይኔ እንኳ አልጠየቀም። ያ ዘበኛ ትዝ አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ሲፈታ።

መቀስ አምጡልኝ አልኩ። ኤፉዋ ሮጣ የጥፍር መቀስ አመጣች፤ መርፌና ክር ከእኔ ከረጢት አይጠፋም። ሴትዮዋ የስፌት መኪና አለን አሉ፣ መኪና ግን ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ተቀመጪ እንጂ፣ ይህ እኮ ሥራ ነው አለኝ መስፍን ከበሩ ጀርባ። አንተ ዝም በል አልኩት። የልብስ መተኮሻ ሰሌዳቸውን እስከ ደረቴ አስነስቼ ባንዲራውን ዘረጋሁና ቆሜ መተርተር ጀመርኩ። ድርብ ስፌት ነው ብዬ የኮራሁበት ስፌት አሁን ተበቀለኝ። አልፈታ አለ።

እየተረተርኩ ሳለ ሚስተር ኦዱሮ ማውራት ጀመሩ፣ መስፍንም ይተረጉማል። ቀዩ ለነፃነት የሞቱት ናቸው። ቢጫው ተስፋ ሳይሆን ወርቅ ነው፣ አገሩ ድሮ በወርቅ ስም ይጠራ ነበር። አረንጓዴው ጫካውና እርሻው ነው። ጥቁሩ ኮከብ የአፍሪካ ነፃነት ነው፣ መርከበኛ መንገድ እንደሚያይበት ኮከብ። በመካከል ጥቂት ዓመት መንግሥት ቢጫውን በገዢው ፓርቲ ቀለም፣ በነጭ ለወጠው። እሳቸው ከአገር የወጡት ያን ጊዜ ነው፣ የያዙትም በዚያ ቀን የነበረውን ባንዲራ ነው። እሳቸው ከወጡ በኋላ መንግሥቱ ወደቀ፣ ቢጫው ተመለሰ። አሁን በየበዓሉ ነጩን ሲሰቅሉ የአገራቸው ልጆች የዚያ ፓርቲ ሰው ነህ ይሏቸዋል። ባለፈው ዓመት ሚስታቸው በእርድ ነክረውት ነበር፤ አዳራሹ ሞቆ እርዱ ወዝቶ በአንድ ሽማግሌ ባርኔጣ ላይ ተንጠባጠበ። ተሳቀባቸው።

«እኔ የፖለቲካ ሰው አይደለሁም» አሉ። «ነጩ ከአገር የወጣሁበት ዓመት ነው።»

መርፌዬ ቆመች። እሳቸው ለዚህ ቀን አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቀዋል፣ መስፍንም አክስቴ ባንዲራ ሰፊ ናት ብሎ ተስፋ ሰጥቷቸዋል። እኔ ደግሞ ሁለተኛ መሳቂያ ሰፍቼ አመጣሁላቸው። ልጄን አልሰጥም ቢሉ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኔ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ያ ልጅ ከበሩ ጀርባ ሆኖ እያንዳንዱን ቃል በራሱ አፍ መናገሩ ነው።

ቀና አላልኩም፣ ሰፋሁ። የፊቱን ኮከብ አቃናሁ፣ ባንዲራውን ገልብጬ የጀርባውን ጀመርኩ። እግሬ አበጠ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ወንበሩን ገፋ አደረጉልኝ፣ ሁለት ጊዜ በዓይኔ መለስኩት። ኤፉዋ አጠገቤ ቆማ ጠርዙን ወጥራ ያዘችልኝ፤ እሷም አልተቀመጠችም። እጇ እንደ ሰፊ እጅ የጸና ነው። ሥራ ቤቴ ብትኖር ብዬ አሰብኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ሚስተር ኦዱሮ ባንዲራውን ወስደው ቀዩን ከላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ያዙት። ኮከቡ ቀጥ ብሏል። ነገር ግን ብርሃኑ በቢጫው ውስጥ ሲያልፍ የድሮው ስፌት ቀዳዳዎች ታዩ፣ የተዘቀዘቀው ኮከብ በነጠብጣብ እዚያው አለ። የመርፌ ቀዳዳ በካውያ አይጠፋም። ሰውዬው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

እኔ በሥራ ቤት ይቅርታ ብዬ አላውቅም። አለቃ ይቅርታ ካለ ሠራተኛው ይበላሻል እያልኩ ኖሬያለሁ። ለመስፍን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፣ ይህንንስ በሰው አፍ አልልም።

«አይ አም ሶሪ» አልኩ።

ሚስተር ኦዱሮ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ሴትዮዋ ፈገግ አሉ፣ ኤፉዋ የያዘችውን መቀስ ጣለችው። ከበሩ ጀርባ ግን ትርጉሙ ዘገየ።

«ምን አሉ?» አልኩ። «ምን አሉ፣ አንተ!»

የመስፍን ድምፅ ሲመጣ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ቀዳዳው ይኑር፣ እናንተና እኛ ጎን ለጎን መሆናችን ይታይበት አሉ። ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«ደግሞ፣ እትዬ፣ ይቀመጡ ብለዋል።»

ወንበሩ ከኋላዬ ነበር። ተቀመጥኩ።